መሳቢያውን ገልብጠው ይዩት

«ታድሷል» ተብሎ የቀረበልዎትን አሮጌ ቡፌ ሲያዩ ዓይንዎ ቀድሞ የሚያርፈው ላዩ ላይ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ድካሙን ሁሉ እዚያው ያፈስበታል፤ በማሽን ይፍቀዋል፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ቀለም ያጠጣዋል፣ ቫርኒሹን ደራርቦ ያብለጨልጨዋል። እኔ ላዩን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። አስቀድሜ መሳቢያውን መዝዤ እገለብጣለሁ፣ ቀጥሎ ዕቃውን ከግድግዳው አላቅቄ ጀርባውን አያለሁ፣ ከዚያ በርከክ ብዬ የእግሩን ሥር። ያገለገለ ዕቃ እያደነ በገዛ እጁ ማደስ የሚወድ ሰው፣ ብሩሽ ከመያዙ በፊት ይህን ማየት መልመድ አለበት። ያልለመደ ሰው ጥሩውን እንጨት ትቶ ጥሩውን ቫርኒሽ ይገዛል።

መለኪያዬ አንድ ነው፦ ይህን እድሳት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሌላ አናጢ ሊፈታው ይችላል ወይ? ቅቡን አጥቦ፣ መጋጠሚያውን ከፍቶ፣ የተሰበረውን ለውጦ መልሶ ሊገጥመው ከቻለ ሥራው ጥሩ ነው። ካልቻለ ግን የቱንም ያህል ቢያምር ዕቃው የመጨረሻ ዕድሉን ጨርሷል።

በመስቀል አደባባይ ዙሪያ፣ በቂርቆስና በካዛንቺስ በኩል የሚገኘው አሮጌ ዕቃ የሰፈሩን ታሪክ ይመስላል። ካዛንቺስ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ በሠራበት ቦታ የተቆረቆረ ሰፈር ነው። ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በ1948 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አዳራሽ ደግሞ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቁ አካባቢው የሹማምንት፣ የዲፕሎማቶችና የቢሮ ሠራተኞች መንደር ሆነ። ስለዚህ ከየቤቱ የሚወጣው ዕቃ ድብልቅ ነው፤ ከባድ የጣሊያን ቁም ሳጥንና ኮመዲኖ፣ እግሩ ወደ ታች የሚቀጥን ፎርማይካ የለበሰ የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ጠረጴዛ፣ እንዲሁም ያገራችን አናጢዎች የውጭውን ሞዴል እያዩ በዋንዛ፣ በጽድና በቀረሮ የሠሩት። ለእኔ የሚበልጥብኝ ሦስተኛው ነው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ ብዙ ሰው ወደ ጠባብ ቤት ገባ፤ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን ደግሞ በኮንዶሚኒየም ደረጃ ዞሮ አይወጣም። የዚህ ዓይነት ዕቃ በደላላ፣ በቆራሌው፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ አንዳንዴም ኤምባሲዎችና ድርጅቶች በጋዜጣ በሚያወጡት የሐራጅ ማስታወቂያ ይገኛል።

የእንጨቱ ነገር ከዋጋው በፊት ይታሰብ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ ከልክሏል። ስለዚህ በድሮ ቁም ሳጥን ላይ የምናየው ሰፊ የዋንዛ ሳንቃ ዛሬ ጣውላ መሸጫ ሄደው ይዘዝልኝ የሚሉት ዓይነት አይደለም። ዋንዛ ሲፋቅ ወርቃማ ቡናማ ነው፣ በዕድሜ ይጠቁራል፣ ለመሮ ይመቻል። ጽድ ቀላ ያለና መዓዛ ያለው ነው፤ ስውር ቦታ ላይ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ሲያሹት ሽታው ከዓመታት በኋላም ይነሣል፣ ምስጥም ብዙ አይደፍረውም። ዝግባ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ጅማቱ ቀጥ ያለ ነው። ወይራ ከሆነ ሲያነሡት ክብደቱ ይነግርዎታል። እነዚህን መለየት ያልቻለ ሰው፣ ሁሉንም በአንድ ጥቁር ቀለም ያለበሰ አዳሽ ምን እንደወሰደበት አያውቅም። እንጨትን ባልሆነው እንጨት ቀለም መሸፈን በእኔ ዘንድ የመጀመሪያው ጥፋት ነው።

አሁን ወደ መሳቢያው። ፊቱ ወፍራም፣ ጎኖቹ ቀጫጭን መሆን አለባቸው። ፊትና ጎን የሚገናኙበትን ጥግ ይዩ፤ በጥሩ ሥራ ላይ እንደ ርግብ ጅራት ጫፋቸው የሚሰፋ ጥርሶች እርስ በርስ ተነካክሰው ያገኛሉ። እነዚህ ጥርሶች መሳቢያው ሺህ ጊዜ ቢሳብ ፊቱ ተነቅሎ እንዳይቀር ይይዙታል። በእጅ የተቆረጡ ከሆነ እኩል አይደሉም፣ አንዱ ጠበብ ሌላው ሰፋ ይላል፤ ከሥራቸውም አናጢው በስለት ያሰመረው ቀጭን መስመር ዛሬም ይታያል። ያቺን መስመር ያላጠፋ አዳሽ አክባሪ ሰው ነው። በምትኩ ጥጉ ላይ ምስማር ከተመታ፣ ወይም የታጠፈ ብረት ከተገጠመ፣ ከላይ ያለው ማማር ምንም አይጠቅምም። ከዚያ የታችኛውን ሳንቃ ይግፉ። በቦዩ ውስጥ ትንሽ መንቀሳቀስ አለበት፤ በኮላ ከተጣበቀ አንድ በጋ አልፎት መሰንጠቁ አይቀርም። መጨረሻ ላይ ጎኖቹ ከሥር የሚንሸራተቱበትን ጠርዝ በጣትዎ ይዳብሱ። በብዙ ዓመት መሳብ የተበላ ጠርዝ ነውር የለበትም። የሚመዘነው እንዴት እንደተሞላ ነው፦ የተበላው ተቆርጦ በዚያው ዓይነት እንጨት ቀጭን ዘንግ ከተተካ እጅ ይነሡለት።

«ኦርጅናል ነው ጋሼ፣ የጣሊያን ጊዜ ዕቃ ነው» ሲባሉ ብሎኑን ይዩ። ባለ መስቀለኛ ጥርስ ብሎን ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ወደ ሌላው ዓለም የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ«ጣሊያን ጊዜ» ማጠፊያ ላይ ከተገኘ ወይ ዕቃው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው፣ ወይ ማጠፊያው ተቀይሯል። ቺፑድም እንዲሁ በሰፊው የተሠራጨው ከጦርነቱ በኋላ ነው። መቀየሩ ኃጢአት አይደለም፤ ሻጩ አለማወቁ ወይም አለመናገሩ ግን ዋጋውን ዝቅ ማድረጊያ ነው። ውኃ ነክቶት ያበጠ ቺፑድ ካገኙ ወደ ሌላ ዕቃ ይለፉ፣ መድኃኒት የለውም። ነቀዝ የገባበትን ደግሞ መታ መታ አድርገው ከሥሩ ይዩ፤ ቀዳዳው አሮጌ ከሆነ ምንም አይወርድም፣ ነጣ ያለ ዱቄት ከረገፈ ግን ነቀዙ ዛሬም እየበላ ነው፣ ቤትዎ አያስገቡት።

ሰው ስለ ማጣበቂያ ብዙ አይጠይቅም፤ የመፈታት ነገር የሚታየው ግን እዚህ ነው። የድሮ አናጢዎች ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ በሚወጣ ኮላ ይሠሩ ነበር። ይህ ኮላ በሙቀትና በእርጥበት ይለሰልሳል፤ የወንበር እግር ቢላላ ሙቅ ውኃ ያለበት ጨርቅ ተይዞበት ይከፈታል፣ ይጸዳል፣ መልሶ ይገጠማል። የዛሬው ነጭ ኮላ ጠንካራ ቢሆንም አንዴ ከያዘ በኋላ መጋጠሚያውን ሳይሰብሩ ማላቀቅ ይከብዳል። ከዚህ የባሰው ምስማር ነው። በላላ መጋጠሚያ ውስጥ የተመታ ምስማር እንጨቱን ይሰነጥቃል፣ ዝጎ ያጠቁረዋል፣ ነገ የሚመጣውን አናጢ መጋዝም ያበላሻል። ወንበር ሲመርጡ ሁለቱን ተቃራኒ ማዕዘኖች ይዘው ያወዛውዙት። የሚንቀሳቀስ ነገር ግን ምስማር ያልተመታበት ወንበር፣ በአራት ምስማር ጸጥ ካለው ይበልጣል።

ስለ ቅቡ ስንነጋገር ጠርሙስ አልኮልና ጥቂት ቲነር ይያዙ። በእግሩ የውስጥ ጎን፣ ማንም በማያይበት ቦታ፣ በጥጥ አንድ ጠብታ አልኮል ያስነኩ። ቅቡ ቢጣበቅና ቢለሰልስ ሼላክ ነው፤ ከሕንድና ከታይላንድ ነፍሳት ሙጫ የሚሠራ፣ በአልኮል የሚሟሟ የድሮ ቅብ። እንዲህ ያለውን መፋቅ ወንጀል ነው እላለሁ። በአልኮል የረጠበ ጨርቅና ትንሽ አዲስ ሼላክ አሮጌውን ቅብ ከራሱ ጋር ያዋሕደዋል፣ ጭረቱም ይጠፋል፤ እንጨቱ አይነካም። አልኮል ካልነካው ግን ቲነር ካለሰለሰው በመርጫ የተነፋ ላኬር ነው፣ እሱም ይታደሳል። ሁለቱም ካላንቀሳቀሱት ፖሊዩሪቴን ወይም ጠንካራ የዘይት ቫርኒሽ ሳይሆን አይቀርም፤ ለምግብ ጠረጴዛ ይበጃል፣ ለአሮጌ ዕቃ ግን መውጫ የሌለው ልብስ ነው። ላኬር በክረምት፣ እርጥበት ባለበት ቀን ከተነፋ ውስጡ እንደ ወተት ይነጣል። ስለዚህ በነሐሴ የታደሰ ዕቃ ሲቀርብልዎ ወደ መስኮት ብርሃን አዙረው በሰያፍ ይዩት። ይኸው ብርሃን ሌላም ያሳያል፤ በማሽን ተፍቆ በወጉ ያልተስተካከለ ገጽ ላይ ትንንሽ ክብ ክብ ጭረቶች ይነሣሉ። በእጅ፣ ጅማቱን ተከትሎ ከ120 ወደ 180፣ ከዚያ ወደ 240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እየሄደ የሠራ ሰው እንዲህ ያለ ምልክት አይተውም። ላዩ በስስ ልጣጭ የተለበጠ ከሆነ ደግሞ ጠርዙን ይዩ። ልጣጩ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን ላይሞላ ስለሚችል አንድ የቸኮለ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል፤ ሥሩ የታየበት ልጣጭ አይመለስም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ እዚህ ግን የሚለቀምም የለም።

በገዛ እጃቸው ለሚሠሩ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የተልባ ዘይት ለእንጨት ጥሩ ነው፤ የምግብ ዘይት ግን ስለማይደርቅ አቧራ ይሰበስባል። በተልባ ዘይት የረጠበ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ራሱን በራሱ አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተው ከቤት ውጭ ያድርቁት። ዘይቱ ከደረቀ በኋላ ያገራችን ንጹሕ የማር ሰም በተርፐንታይን ተሟሙቶ ቢቀባ የሚሰጠው ለስላሳ ፍካት ከማንኛውም አብለጭላጭ ይሻላል። አሮጌ ቀለም በደረቁ መፋቅ ደግሞ እርሳስ ያለበት አቧራ ሊያስነሣ ስለሚችል፣ እያረጠቡና አፍንጫ እየሸፈኑ፣ ልጆች በሌሉበት።

ዓይን ማሠልጠኛ የሚሆን ቦታ ሩቅ አይደለም። ከመስቀል አደባባይ ሽቅብ ሲሉ እስጢፋኖስን አልፎ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ፣ አርክቴክቱ አርቱሮ ሜዘዲሚ ሲነድፈው የውስጥ ዕቃውን ጭምር ለሕንፃው ብሎ ነው ያሰበው። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች የተጠገኑት ተመልሰው ገብተዋል። አዲስ ገዝቶ መተካት ይቀል ነበር። ስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ደግሞ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል ከነዕቃው ይታያል። ዕቃ ሳይገዙ፣ ጠርዝ፣ እግርና መጋጠሚያ ብቻ እያዩ አንድ ከሰዓት ያሳልፉበት።

የጅማ በርጩማ ካገኙ ከላይ ያልኩት ብዙው አይሠራም። እሱ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ መጋጠሚያ የለውም፣ መሰንጠቁም የእንጨቱ ጠባይ ነው። የመቀመጫው ጉድጓድ በተቀማጭ ብዛት ጠቁሮና ለስልሶ ከሆነ አንድም ነገር አይንኩት፣ በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉት። በቫርኒሽ የተነከረ በርጩማ አይግዙ።

ሲገዙ መሳቢያ እንዳያወጡ የሚከለክልዎትን ሻጭ ትተው ይሂዱ። ሲያድሱ ደግሞ ምን ኮላና ምን ቅብ እንደተጠቀሙ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ በጀርባው ሳንቃ ላይ በእርሳስ ይጻፉ፤ ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣው አናጢ ግማሽ ሥራ ነው። ድፍን ዋንዛ አግኝተው ነጭ ቀለም ሊቀቡት ያሰቡ ከሆነ ግን፣ እባክዎ ለሚያውቅለት ሰው ይልቀቁለት።