«የመርሳት በሽታ» የተሰኘው ስያሜ የአንጎል ምስል ከሚያሳየው አንጻር ሲመረመር

የአንድ ሙያዊ ቃል ብቃት የሚለካው ነገርን ከነገር በመለየት ችሎታው ነው። በዚህ መመዘኛ «የመርሳት በሽታ» የተሰኘውን ስያሜ ብንመረምረው ጉድለቱ ጎልቶ ይታያል። ስያሜው በአማርኛ ጽሑፎች ለሁለት የተለያዩ ፅንሰ ሐሳቦች ሲያገለግል እናያለን፤ እነርሱም ዲሜንሺያና አልዛይመር ናቸው። ዲሜንሺያ የማሰብ፣ የማስታወስ፣ የመናገርና ራስን የመምራት ችሎታ የዕለት ኑሮን እስኪያውክ ድረስ መዳከሙን የሚያመለክት የወል ስም ነው። አልዛይመር ግን ይህን ከሚያስከትሉት በሽታዎች አንዱ፣ በብዛትም ቀዳሚው ነው። ስለሆነም «አልዛይመር የዲሜንሺያ አንዱ መንስኤ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በዚህ ስያሜ የሚተረጉም ሰው «የመርሳት በሽታ የመርሳት በሽታ አንዱ መንስኤ ነው» ከሚል ከንቱ ድግግሞሽ ላይ ይወድቃል።

ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አለመሆኑን የአንጎል ምስል ያስረዳናል። በኤምአርአይ ሲታይ፣ በአልዛይመር አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ መጠኑ የሚቀንሰው በጆሮ ግንድ በኩል ወደ ውስጥ የሚገኘው፣ ለማስታወስ የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ ነው። ከደም ሥር ጉዳት በሚመጣው ዲሜንሺያ ደም ተቋርጦባቸው የሞቱ ቦታዎች ይታያሉ። በሌዊ አካላት ዲሜንሺያ ሂፖካምፐስ በአንጻሩ ብዙ ሳይጎዳ ሊገኝ ይችላል፤ ሆኖም የዶፓሚንን ሥርዓት የሚያሳየው ልዩ ምርመራ በአንጎል ጥልቅ ክፍል ያለውን ጉድለት ያመለክታል። ጉዳቱ በአንጎል የፊት ክፍልና በጆሮ ግንድ በኩል የሚያይልበት ሌላም ዓይነት አለ። በዚህኛው ሕመምተኛው በመጀመሪያ የሚያጣው ትዝታውን ሳይሆን ይሉኝታውን ሊሆን ይችላል። ያልረሳውን ሰው «የመርሳት በሽተኛ» ማለት ቤተሰቡንም ሐኪሙንም ያሳስታል።

ስሕተቱ የሚያስከፍለው ዋጋም ቀላል አይደለም። በሌዊ አካላት ዲሜንሺያ የተያዘ ሰው ለቅዠትና ለመረበሽ በሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ሐኪምና አዳምስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 የገለጹት፣ በአንጎል ክፍተቶች ፈሳሽ ሲጠራቀም የሚከሠተው ሕመም ደግሞ፣ ፈሳሹን በቱቦ በማፋሰስ ሊሻሻል የሚችል ነው። በእስራኤል ወይም በአሜሪካ አንድ ሐኪም ከአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ጋር በአስተርጓሚ ሲነጋገር እነዚህ ሁሉ በአንድ ስም ከተጠሩ፣ ምስሉ የለየውን ቃሉ መልሶ ይቀላቅለዋል።

ሕዝቡ ከራሱ ያፈለቀው «ጃጀ» የሚል ግሥ እንዳለው አንዘነጋም። ግሡ በመርሳት ብቻ ስለማይወሰን ከ«የመርሳት በሽታ» ይልቅ ሰፊ ነው። ነገር ግን ሁሉን ለእርጅና ይሰጣል፤ መንስኤ ፍለጋን ይዘጋል። ከዚህም ሌላ «አባትዎ ጃጅተዋል» ብሎ ለልጅ መንገር ነውር ነው። ለሙያ ቃልነት አይበቃም።

ሌላው የሚነቀፈው «የአእምሮ ምስል» የሚለው አጠራር ነው። መሣሪያው የሚያነሣው አንጎልን እንጂ አእምሮን አይደለም። አንጎል አካል ነው፤ አእምሮ ግን ችሎታ ነው። እንዲሁም ተርጓሚዎች «ምስሉ በሽታውን አረጋገጠ» ማለትን ያዘወትራሉ። በአንድ አረጋዊ ላይ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መንስኤዎች አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ በፔት ምርመራ የሚታየው አሚሎይድም ትውስታቸው ባልታወከ አረጋውያን ላይ ይገኛል። ስለዚህ ምስል ከሐኪሙ ምርመራ ጋር ተዳምሮ «ያመለክታል» ወይም «ይደግፋል» ቢባል እውነቱን ይጠብቃል።

በእኛ አስተያየት «መርሳት» ለምልክቱ ብቻ ይወሰን። ለወል ስሙ «ዲሜንሺያ» እንዳለ ተወስዶ፣ መጀመሪያ ሲጠቀስ «የአእምሮ ችሎታ መዳከም» በሚል ይፈታ። መንስኤው ሲታወቅ ከፊቱ ይጨመር፤ ለምሳሌ «የደም ሥር ዲሜንሺያ»፣ «የሌዊ አካላት ዲሜንሺያ»። መንስኤው ሳይታወቅ ሲቀርም «መንስኤው ያልተለየ» ይባል። ባዕድ ቃል መያዙን የሚቃወሙ እንደሚኖሩ እናውቃለን። ሆኖም የተሻለ አገርኛ ቃል እስኪገኝ ድረስ፣ ለይቶ የሚያሳይ የውሰት ቃል አደባልቆ ከሚሸፍን አገርኛ ቃል ይመረጣል።