ስንጥቁ የት ነበር?

ስለ ፀሐይ ነበልባል የተሠራ የስፔክትረም ጥናት እጄ ሲገባ ውጤቱን ለጊዜው ተወት አድርጌ ስንጥቁ የት እንደነበረ እፈልጋለሁ። ስፔክትሮግራፍ እንደ ካሜራ ትዕይንቱን በሙሉ አይወስድም። በጠባብ ስንጥቅ ያለፈችውን የብርሃን ሰበዝ ብቻ ይዞ በየሞገድ ርዝመቷ ይዘረጋታል። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2013 ያመጠቃት ሳተላይት አይሪስ ስንጥቋ በፀሐይ ገጽ ላይ ሲለካ ስፋቱ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትልቅ የነቁጦች ቀጠና ግን አሥር ሺዎች ኪሎ ሜትሮችን ይሸፍናል። ነበልባሉ ከስንጥቁ ጎን ከተነሣ፣ የተመዘገበው የጎረቤት ጭስ ነው።

ጥሩ ሥራ አሳየን ስባል የማነሣው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2014 ከቀጠና 12158 የተነሣውን የኤክስ1.6 ደረጃ ነበልባል ነው። የአይሪስ ስንጥቅ አንድ ቦታ ተተክሎ በየ9 ሰከንዱ ገደማ ሲመዘግብ፣ የነበልባሉ የብርሃን መቀነት ራሱ እየተጓዘ አቋረጠው። አጥኚዎቹ መቀነቱ የነካትን እያንዳንዷን ነጥብ ለየብቻ ወስደው፣ ጊዜዋን ከተነካችበት ቅጽበት ጀምረው ቆጠሩ። የተዘበራረቀ ይመስል የነበረው ሁሉ ያኔ መልክ ያዘ። ቀዝቀዝ ያለው ጋዝ በሰከንድ እስከ 40 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ወርዶ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይረጋል፤ የጋለው ደግሞ በሰከንድ እስከ 300 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ተነሥቶ ለመርጋት 10 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወስዳል።

በዚያው ዓመት ማርች 29 የኤክስ1 ነበልባል ሲነሣ አይሪስ ስንጥቁን 8 ቦታ እያፈራረቀች ነበር፤ ወደ አንዱ ቦታ ለመመለስ 75 ሰከንድ ይፈጅባታል። በዚህ ዘዴ ሰፋ ያለ ቦታ ይታያል። የአንድ ደቂቃው ቁልቁለት ግን በሁለት ጉብኝት መካከል ተወልዶ ሊሞት ይችላል። ይህን ጉድለት ሳይጠየቅ የሚናገር ጽሑፍ አምነዋለሁ።

ቀጥሎ የስፔክትረሙን መስመር ጠጋ ብዬ አያለሁ። 20 ኤሌክትሮን ያጣ ብረት 1354.08 አንግስትሮም ላይ ያበራል፤ ለዚያ ግን 11 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። በእንዲህ ያለ ግለት አዮኖቹ ስለሚራወጡ መስመሩ ከ0.4 አንግስትሮም በላይ መስፋት አለበት። ቀጭንና ሹል መስመር አሳይቶ «ብረት ነው» የሚለኝን ወዲያው እጠረጥረዋለሁ፤ 1354.29 ላይ የካርቦን መስመር አለና። በሁለቱ መካከል ያለችው 0.21 አንግስትሮም በዶፕለር ሽግሽግ፣ ማለትም ጋዙ ሲንቀሳቀስ መስመሩ በሚያሳየው መንሸራተት፣ ወደ ፍጥነት ስትመነዘር በሰከንድ 46 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ካርቦኑን ያልለየ ሰው የሌለ ቁልቁለት ፈጥሮ ቁጭ ይላል።

የፍጥነቱ ዜሮስ ከየት ተቆጠረ? ጠንቃቃ ሰው 1355.60 ላይ ያለውን፣ ብዙም የማይነቃነቀውን የኦክስጅን መስመር መነሻ ያደርጋል። ሳተላይቷ ስትዞር ስለምትሞቅና ስለምትቀዘቅዝ መስመሮቹ ይንሸራተታሉ፤ ያ ካልተስተካከለ ፍጥነቱ የፀሐይዋ ይሁን የመሣሪያው አይታወቅም።

ጤፍ የምታውቅ ሴት እጇን ወደ ጆንያው ግርጌ ትሰዳለች። እኔም የመስመሮቹን አማካይ አልፌ ያልተነካውን መስመር አሳዩኝ እላለሁ። አናቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ብርሃኑ ከመሣሪያው አቅም በላይ ሆኗል። ሁለት ጉብታ ባለው መስመር ላይ አንድ ኩርባ ብቻ ከተጫነም የተገኘው ፍጥነት የማንኛውም ጋዝ ፍጥነት አይደለም።

ቀጠናው በፀሐይ ጠርዝ ላይ ሲሆን መመዘኛዬን እቀይራለሁ። ሽቅብ የሚወጣው ጋዝ ወደ እኛ ስለማይመጣ የዶፕለር ሽግሽጉ ብዙ አይናገርም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2017 ከቀጠና 12673 የተነሣው የኤክስ8.2 ነበልባል እንዲህ ከጎን የታየ ነው። የጃፓኗ ሳተላይት ሂኖዴ ከነበልባሉ ቅስቶች በላይ በቆመው ቀጭን የብርሃን ሉህ ውስጥ 23 ኤሌክትሮን ያጣውን ብረት መስመር፣ ሙቀቱ ብቻውን ከሚያሰፋው በላይ ሰፍቶ አገኘችው። እዚያ ወሬው ያለው ስፋቱ ላይ ነው።