የጆን ሄይውድ መጽሐፍ ስለ አሮጌ ሞተር ምን ይላል?

ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ የተማረ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ "ሄይውድን አንብበሃል?" ብላችሁ ጠይቁት። መጀመሪያ የምታገኙት መልስ ፈገግታ ሳይሆን አይቀርም። ብዙዎቻችን መጽሐፉን የምናውቀው በፈተና ዋዜማ፣ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በተጠረዘ ቅጂ ነው። የኔ ቅጂ ከምዕራፍ 12 መሃል የተወሰኑ ገጾች ይጎድሉታል። ስለ ሞተር የሙቀት ዝውውር የማላውቀው ነገር ሲገኝ በዚያ አመካኛለሁ።

የመጽሐፉን የእንግሊዝኛ ርዕስ ወደ አማርኛ ብንመልሰው "የውስጥ ቃጠሎ ሞተር መሠረቶች" እንደ ማለት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን 930 ገጽ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ደራሲው ራሱ ሁለተኛውን እትም አወጣ፤ እሱ ደግሞ ከ1000 ገጽ ያልፋል። ታዲያ ስለዚህ ወፍራም መጽሐፍ አሁን መጻፍ ለምን አስፈለገ? በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተሰማ ወዲህ፣ የማጠናውን ስናገር ሰው ሁሉ "ሞተር? አሁን?" ይለኛል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ አልቀየምም። መልስ ፍለጋ መጽሐፉን እንደ ገና ከመጀመሪያው አነበብኩት። ያገኘሁት ግን እንዳሰብኩት አልነበረም፤ ከመጽሐፉ ይልቅ የደራሲው የሥራ ሕይወት የተሻለ መልስ ሰጠኝ።

ጆን ሄይውድ እንግሊዛዊ ነው። በካምብሪጅ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማረ፣ ከዚያ አሜሪካ ሄዶ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) በ1965 ዶክትሬቱን ያዘ። የሚገርመው ሥራውን የጀመረው በመኪና ሞተር አይደለም። ወደ አገሩ ተመልሶ ይመራመር የነበረው እጅግ የጋለ ጋዝን በማግኔት መሃል በማሳለፍ በቀጥታ ኤሌክትሪክ ስለ ማመንጨት ነበር። ያ ቴክኖሎጂ እንደታሰበው አልሆነም። ሄይውድ ግን አንድ እውቀት ይዞ ወጣ፤ በሺህ የሚቆጠር ዲግሪ የጋለ ጋዝ ውስጥ ሞለኪውሎች ምን እንደሚሆኑ ያውቃል። በ1968 ወደ ኤምአይቲ በመምህርነት ተመለሰ። በ1972 ደግሞ የስሎን አውቶሞቲቭ ላቦራቶሪ ኃላፊ ሆነ።

ጊዜውን ልብ በሉ። በ1970 የአሜሪካ ምክር ቤት ያጸደቀው የንጹሕ አየር ሕግ መኪና ሠሪዎች ከጭስ የሚወጡትን መርዞች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በ90 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዘ። ችግሩ፣ አንዳንዶቹ መርዞች ሞተር ውስጥ እንዴት እንደሚፈጠሩ በቅጡ አልታወቀም ነበር። ከማይታወቅ ነገር ላይ ደግሞ እንዴት 90 በመቶ ይቀነሳል?

ናይትሪክ ኦክሳይድን እንውሰድ። አየር በአብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ሁለቱ የናይትሮጅን አቶሞች እጅግ በጠነከረ ሰንሰለት ስለተሳሰሩ በተራ እሳት አይላቀቁም። ሲሊንደር ውስጥ ግን ሙቀቱ ከ2000 ዲግሪ ሲያልፍ አንዳንዶቹ ይላቀቁና ከኦክስጅን ጋር ይጣመራሉ። አሁን ቁም ነገሩ መጣ። ጋዙ ሲቀዘቅዝ ያ ውህድ ተመልሶ መፍረስ ነበረበት። በወረቀት ላይ ኬሚካላዊ ሚዛኑን ካሰላችሁ በጭስ ማውጫው በኩል የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ከምንም አይቆጠርም። ሲለካ ግን ብዙ ነው! ምክንያቱ ፍጥነት ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ ጋዙ በሺኛ ሰከንዶች ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ማፍረሻው ኬሚስትሪ ደግሞ በዚያ ፍጥነት መሮጥ አይችልም። ውህዱ እንደተፈጠረ "ይረጋል"፤ በረዶ ውስጥ እንደተያዘ ነገር ማለት ነው። ላቮይ፣ ሄይውድና ኬክ በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንን በሙከራም በስሌትም አሳዩ። ከሩሲያዊው ዜልዶቪች የተወረሱትን ሁለት ኬሚካላዊ ምላሾች ወስደው ሦስተኛ ጨመሩባቸው፤ ዛሬ የሞተር ማስመሰያ ሶፍትዌር ስትከፍቱ እነዚያን ሦስቱን ታገኛላችሁ።

የጋለ ጋዝ ሰው ወደ መኪና መምጣቱ ጥቅሙ ይሄ ነበር። ፒስተንና ሲሊንደርን ብቻ ሲያይ የኖረ ሰው ጥያቄውን እንደዚያ ያነሳው አይመስለኝም።

የመጽሐፉም ጥንካሬ ከዚሁ ይመነጫል። ከሱ በፊት የነበሩት የሞተር መጻሕፍት የዲዛይን ልምድን የሚያስተላልፉ ናቸው፤ የቻርልስ ፋየት ቴይለር ሁለት ቅጾች ዛሬም ያስደስታሉ፣ የባለሙያ እጅ ይታይባቸዋል። ሄይውድ ሌላ ነገር አደረገ። ሲሊንደሩን እንደ ላቦራቶሪ ጠርሙስ ቆጥሮ ከአየር መግቢያው ጀምሮ እስከ ጭሱ ድረስ እያንዳንዱን ሂደት በየምዕራፉ ፈተሸ። ምዕራፍ 9ን አንብቡ። ካንዴላው ብልጭ ካለ በኋላ እሳቱ እንዴት እንደሚስፋፋ፣ ለምን አንዱ ዑደት ከሚቀጥለው እንደሚለይ፣ ሞተር ለምን "እንደሚያንኳኳ" በግራፍ ላይ ግራፍ እየደረበ ያስረዳል። ቋንቋው ደረቅ ነው፤ አልዋሽም። በ930 ገጽ ውስጥ አንድ ቀልድ አላገኘሁም። ግን እያንዳንዱ ግራፍ ከአንድ ሰው ሙከራ የመጣ ነው፣ የማንም ግምት አይደለም፣ ምንጩም ተጠቅሷል። ለኔ ይሄ ከቀልድ ይበልጣል።

እሺ፣ ታዲያ የምቃወመው ምኑን ነው?

በማስተርስ ጥናቴ ጊዜ ለአንድ ወር ያህል ከሰዓት በኋላ ጋራዥ እየሄድኩ እቀመጥ ነበር። የጋራዡ ጌታ በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ለማሾፍ "ኢንጂነር" ይሉኛል። አንድ ቀን ቴስታታው ወርዶ ፒስተኖቹ የሚታዩ የአይሱዙ ሞተር ላይ አጎንብሰን ሳለ ያንን ወፍራም ቅጂ አዩና "ኢንጂነር፣ ይሄ መጽሐፍህ ፋሻው ስለተበላ ሞተር ምን ይላል?" አሉኝ። ማውጫውን ገለጥኩ። ምዕራፍ 13 ስለ ሰበቃና ቅባት ነው፤ የፒስተን ፋሻ ላይ ስላለው የዘይት ሽፋን፣ ስለ ግፊቱ፣ ምን ያህል ኃይል እንደሚባክን በደንብ ይናገራል። ያ ሁሉ ግን የጤነኛ ፋሻ ታሪክ ነው። 15 ዓመት የሠራ ፋሻ ምን እንደሚሆን፣ ዘይት ወደ ላይ እየሾለከ ሲቃጠል ጭሱ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ግፊቱ የቀነሰ ሲሊንደር ማለዳ ላይ ናፍጣውን ለማቀጣጠል ለምን እንደሚቸገር ቁጭ ብሎ የሚያስተምር ምዕራፍ አላገኘሁላቸውም። "ስለ አዲስ ሞተር ነው የሚያወራው ጋሼ" አልኳቸው። "እንግዲህ እኛ ጋ አዲስ የለም" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

(በነገራችን ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ የምንሠራበት ቋንቋ ግማሹ ጣልያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ። ክፍል ውስጥ ደግሞ በእንግሊዝኛ እንማራለን። ተመርቆ ጋራዥ የገባ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት የሚፈጀው በትርጉም ነው።)

የመጽሐፉ ሞተር ሁልጊዜ መፈተሻ ክፍል ውስጥ ነው። ንጹሕ ነው፣ የተስተካከለ ነው፣ ዳይናሞሜትር ላይ ታስሯል። ነፋሱም የባህር ዳርቻ ነፋስ ነው። ለከፍታ የሚሆን ማስተካከያ ቀመር አለው፤ ከምዕራፍ 2 ታገኙታላችሁ። ግን ቀመርና ኑሮ ይለያያሉ። ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚገባ የጭነት መኪና ከባህር ጠለል ጀምሮ ከ2300 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚህ ሲደርስ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር በክብደት ሲታይ ታች ከነበረው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ተርቦ ያለው ሞተር የጎደለውን በከፊል ያካክሳል። ተርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣ ሞተር ግን ፓምፑ ከፍታ አያውቅም፤ አሽከርካሪው ነዳጁን እስከ ጥግ ሲረግጥ ታች የሚሰጠውን ያህል ናፍጣ ይሰጣል። አየሩ በሩብ ቀንሶ ናፍጣው ካልቀነሰ ትርፉ ወዴት ይሄዳል? ዳገት ላይ ከፊታችሁ ያለ አይሱዙ የሚለቀው ጥቁር ደመና መልሱ ነው። ካርቡራቶር ያለው ቤንዚን ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ታች ተስተካክሎ እዚህ ከመጣ ድብልቁ 15 በመቶ ያህል በነዳጅ ይወፍራል። የአየሩ ጥግግት ስኩዌር ሩት ላይ ስለሚመሠረት ይህን ከመጽሐፉ ቀመር ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ከፍታው አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ግፊቱ ስለሚቀንስ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ የማንኳኳት ዕድሉ ያነሰ ነው።

እንግዲህ መሣሪያዎቹን ሁሉ የሰጠኝ ሄይውድ ነው፤ ይህንን አልክድም። ቅር ያሰኘኝ ነገር በሁለተኛው እትም ውስጥ አለ፤ እሱም ዝምታ ነው። ምክንያቱም ሄይውድ ራሱ በዚያ 30 ዓመት ውስጥ ከሲሊንደሩ ወጥቷል። በ2000 ከባልደረቦቹ ጋር "በ2020 መንገድ ላይ" የሚል ጥናት አወጣ፤ በ2008 ደግሞ "በ2035 መንገድ ላይ" የተባለውን። እነዚህ ጥናቶች የሚጠይቁት "አንድ ሞተር እንዴት ይቃጠላል?" ብለው አይደለም። በአንድ አገር ያሉት መኪኖች በሙሉ ተደምረው ምን ያህል ነዳጅ ይበላሉ፣ አዲስ ቴክኖሎጂ ሲመጣስ አሮጌዎቹን ለመተካት ስንት ዓመት ይፈጃል የሚል ነው ጥያቄያቸው። መልሱ ደግሞ የሚያስደስት አይደለም፤ ነገሩ በአሥር ዓመታት የሚቆጠር ነው። ሌላም አሳይተዋል። ላቦራቶሪው ያገኘው የቅልጥፍና ጭማሪ በብዛት የዋለው ነዳጅ ለመቆጠብ ሳይሆን መኪኖችን ይበልጥ ከባድና ፈጣን ለማድረግ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ለቅልጥፍና የሠራ ሰው ይህንን በራሱ ስሌት ማየቱ ቀላል አይመስለኝም። እሱ ግን አሳተመው።

ይህ ግኝት ተማሪው ወደሚያነበው መጽሐፍ በሚገባው ስፋት አልገባም። ተማሪው ከ1000 ገጽ በኋላ የሚወጣው የሞተር ምርምር ማለት አንድ አዲስ ሞተርን ጥቂት በመቶ ማሻሻል እንደሆነ አምኖ ነው። ደራሲው ከዚያ አልፎ እንደሄደ ማን ይነግረዋል?

የ"መንገድ ላይ" ጥናቶቹም ለኛ የሚጎድላቸው አለ። የሚቆጥሩት በዋናነት የአሜሪካን መኪኖች ነው። አንድ መኪና ከአሜሪካ መንገድ ሲወጣ ከሂሳቡም ይወጣል። መርከብ ላይ ከተጫነ ግን ሁለተኛ ሕይወቱ ገና ነው፤ በሌላ አገር፣ በሌላ ከፍታ፣ በሌላ ነዳጅ፣ በሌላ ጋራዥ። እኛ የምንነዳው ያንን ሁለተኛ ሕይወት ነው።

ነዳጅ ካልኩ አይቀር ኢታኖልን ላንሳ። ሄይውድ ከዳንኤል ኮን እና ከሌስሊ ብሮምበርግ ጋር የሠራበት አንድ ሐሳብ አለ። ሞተሩ ጫና ሲበዛበት ብቻ ጥቂት ኢታኖል በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ይረጫል። ኢታኖል ሲተን ከቤንዚን ከእጥፍ በላይ ሙቀት ይወስዳል፤ ድብልቁን ያቀዘቅዘዋል፣ ማንኳኳቱን ይከለክላል። ስለዚህ አነስ ያለ ሞተር በተርቦ ተገፍቶ የትልቁን ሥራ ይሠራል። ኢታኖሉ በትክክለኛው ሰዓት ስለሚረጭ የሚበቃው ጥቂት ነው። እኛስ? ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኘውን ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ቀላቅለን ሸጠናል፤ መጀመሪያ 5፣ በኋላ 10 በመቶ። ቅልቅሉ ካርቡራቶር ያላቸውን አሮጌ መኪኖች በዚህ ከፍታ ምን ያደርጋቸዋል ብላችሁ ብትጠይቁ ግን መጽሐፉን ይዛችሁ ራሳችሁ ማስላት ይኖርባችኋል። አስልቼዋለሁ። ኢታኖል በውስጡ ኦክስጅን ስላለው ከፍታው ያወፈረውን ድብልቅ በመጠኑ ያሳሳዋል። ለአንድ ጊዜ እንኳን ሁለት ስህተቶች ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው ተገናኙልን ማለት ነው። የጎማ ቱቦዎቹን ጉዳይ ግን ስሌቱ አይነግራችሁም፤ እሱን ጋሼ ናቸው የሚያውቁት።

ስለዚህ "ሞተር? አሁን?" ለሚለኝ ሰው የምመልሰው ይሄን ነው። የማስገባት እገዳው የሚነካው ገና ያልመጣውን መኪና ነው፤ ትናንት የገባው አይሱዙ ዛሬም ዳገት እየወጣ ነው። ሄይውድን አንብቡ፣ በተለይ ምዕራፍ 9ን እና 11ን። ከዚያ የ2008ቱን ጥናት አንብቡ። ምዕራፍ 12ን ሙሉውን የያዘ ቅጂ ካላችሁ ደግሞ ንገሩኝ፤ የኔውን ልሞላበት እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው ወር ፋሻ ከመቀየሩ በፊትና በኋላ የአንድ ሞተርን ጭስ እንለካለን፤ ጋሼ ሞተሩን ሰጥተውናል፣ ናፍጣውን ግን ከኔ ነው።