ጉም፣ ጭጋግና የሥር ፍለጋ ልማድ

የአማርኛ ቃላት ጥናት አንድ ቃል ሲነሣ ቀድሞ የግዕዝ ሥሩን ይጠይቃል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው፣ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. በታተመው «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ቃላቱን በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ማሰለፋቸው የዚሁ የጥንት ፍቅር ምልክት ነው። የሁለቱ ሊቃውንት ድካም ወደር የለውም። ከእነሱ በኋላ የመጣነው ግን ሥር ማግኘትን ትርጉም እንደማግኘት ቆጠርነው፤ ልማዱም ከሚገባው በላይ ተወደሰ። ጉድለቱ እንደ «ጉም» ባለ ቃል ላይ ጎልቶ ይታያል።

ሥሩን ለመናገር ጊዜ አይፈጅም። ግዕዝ ጊሜ፣ ትግርኛ ግመ፣ አማርኛ ጉም ይላሉ፤ ዝምድናቸው ግልጽ ነው። ፈተናው ባሕር ሲሻገሩ ይጀምራል። ዐረብኛ ደመናን «ገይም» ስለሚል ከጊሜ ጋር ማጣመር ይቀናል። በዚያ ቃል መነሻ ያለው የጉሮሮ ድምፅ ግን በግዕዝ የሚመለሰው በ«ገ» ሳይሆን በ«ዐ» ነው፤ ዐረቡ «መግሪብ» ያለውን ግዕዝ «ምዕራብ» ይለዋል። በዚህ ሕግ ገይም ለጊሜ ወንድም አይሆነውም። የድምፅ መመሳሰል ዝምድናን ቢያረጋግጥ ኖሮ፣ እንግሊዞች ስስ ጉምን የሚጠሩበት «ሚስት» ከአማርኛው ሚስት ጋር በተዛመደ ነበር። ዝምድናው እውነተኛ ሲሆን እንኳ ትርጉም አብሮ አይወረስም፦ የሩሲያው «ምግላ»፣ የግሪኩ «ኦሚኽሌ» እና የሳንስክሪቱ «ሜግሃ» ከአንድ ሥር ወጥተው፣ ሁለቱ ጉም ሲሆኑ ሦስተኛው ደመና ሆኗል።

ትርጉሙን የሚያሳየው ከቃሉ ጎን የሚቆመው ግስ ነው። ጉምም ጭጋግም ይወርዳል፣ አገር ይሸፍናል፣ ኋላም ይገፈፋል፤ በእነዚህ ግሶች ብቻ ለሚመዝን ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው። «ጉም መዝገን» ግን ይለያቸዋል። ጭጋግ መዝገን የሚል አማርኛ ሰምቼ አላውቅም። ዘገነ የእህል ግስ ነው፤ ገብስና ቆሎ ይዘገናል። ግሱ እጅን ይጠራል፦ መዳፍ ይከፈታል፣ ጣት ይታጠፋል፣ ክብደት ይጠበቃል። ፈሊጡ ከንቱ ድካምን መግለጽ የቻለው ጉም ቀጭን ስለሆነ አይደለም፤ ወፍራም መስሎ ስለሚታይ ነው። ዐይን አለ ያለውን እጅ ባዶ ይመልሰዋል። ጭጋግ እንዲህ ያለ ተስፋ አይሰጥም። እሱ ከላይ ያጠላል፣ የቀኑን ብርሃን ያደበዝዛል፤ «ጭጋጋማ ቀን»፣ «ጭጋጋማ ፊት» የምንለውም ለዚህ ነው። ጉም ነገር ነው፤ ጭጋግ ጠባይ ነው። የትኛውም የሥር ሐረግ ይህን ልዩነት አይነግረንም።

ለዚህ ምርመራ ከሰሜን ሸዋ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከአፋር ቆላ በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር የአንኮበርንና የጣርማ በርን ገደል ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ከደብረ ሲና ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ተራራው ላይ የተኛው ደመና ነው፤ ጣርማ በር ላይ መብራት አብርቶ ለሚያዘግም ሾፌር ያው ነገር ጉም ነው። ሜግሃና ምግላ የተለያዩበት ምክንያት በአንድ ዳገት ላይ ይገኛል።

በዘፍጥረት 2፥6 ዕብራይስጡ «ኤድ» ያለውን የግሪኩ ትርጉም «ምንጭ» ሲለው፣ የ1954ቱ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ጉም» አለው። ምድርን የሚያጠጣ ጉም ለቆላ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል። በዚያው በሰሜን ሸዋ፣ በወፍ ዋሻ ደን ጉሙ በጽድና በዝግባ ቅጠል ላይ ተጠራቅሞ ሲንጠባጠብ ያየ ግን አይቸገርም። ተርጓሚዎቹን እዚህ ላይ አደንቃቸዋለሁ።

የደስታ መዝገበ ቃላት በታተመበት በዚያው በ1962 ዓ.ም. የዳኛቸው ወርቁ ልብ ወለድ «አደፍርስ» ወጣ። ታሪኩ በደብረ ሲና አካባቢ ይካሄዳል፤ ቋንቋው ከበደን የሚሉ አንባቢዎች ብዙ ናቸው። ወቀሳው አላሳመነኝም። ክብደት የተባለው አብዛኛው የዚያ ዳገት ሰው አገሩንና አየሩን የሚጠራበት ንግግር ነው፤ ከአምሳሉ አክሊሉ ጋር «የአማርኛ ፈሊጦች»ን ያዘጋጀውም ይኸው ደራሲ ነው። ዳኛቸው እንደ ልብ ወለድ ጸሐፊ ተተችቷል፤ እንደ ቃላት ምስክር ግን በሚገባው መጠን አልተነበበም፤ ይህ ቸልታ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ ተማሪዎች ከመዝገበ ቃላቱ ጎን «አደፍርስ»ን ይክፈቱ፤ ከዚያም የጣርማ በርን ሾፌርና የአንኮበርን እረኛ ጉሙ ከየት እንደመጣ ሳይሆን ምን እንደሚያደርግ ጠይቀው፣ ግሶቹን ከነአገባባቸው ይመዝግቡልን።