ከልደታ እስከ ማዘጋጃ ቤት በብስክሌት

ማለዳ ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተነሥቶ፣ በሜክሲኮና በለገሀር አልፎ፣ የቸርችልን ጎዳና ዳገት እስከ ማዘጋጃ ቤት ድረስ በብስክሌት የሚወጣ ሠራተኛ፣ ሌላው ትርፍ ጊዜና ገንዘብ ከፍሎ የሚሻውን የሰውነት እንቅስቃሴ ገና የዕለት ሥራውን ሳይጀምር ፈጽሞ መገኘቱ እጅግ ያስደንቀኛል። ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በአብዛኛው ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ የተመሠረተች በመሆንዋ፣ አየርዋ ስስ ነውና፣ ያ ዳገት ልብንና ሳንባን አጥብቆ ይፈትናል፤ ጉልበትን ግን እንደ ሩጫ አይቀጠቅጥም። አስተዋይ ብስክሌተኛ በሜዳው በቀላል ማርሽ እግሩን ያፍታታል፤ ዳገቱንም ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ እስትንፋሱን መጥኖ፣ በትዕግሥት ይወጣዋል፤ ማታ ቁልቁለቱን ከመውረዱ በፊት ደግሞ ፍሬኑን ይመረምራል።

ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰለፍ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት መወዳደራቸውን፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትህና መሥሪያ ቤትህ እጅግ ካልተራራቁ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ጀምር፤ የራስ ቁርህንም ሳትደፋ አትውጣ።