ደብተር ይዞ መድኃኒት ማጣት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከጎጃም ደቡብ አቸፈር አንዱ ነበረ። አሳቡ የዕድር ዓይነት ነው፤ ጤነኛው አስቀድሞ ያዋጣል፥ የታመመው ይታከምበታል፤ ለችግረኛው መዋጮውን መንግሥት ይከፍልለታል። ይህን አለማመስገን ንፉግነት ነው።

ነገር ግን አንድ ቀን በጉንደ ወይን ገበያ አንድ ችግረኛ ጎረቤቴን የመድኑን ደብተር በብብቱ ሸጉጦ ሁለት ዶሮ ሲሸጥ አገኘሁት። ምርመራውን በነጻ አግኝቷል፤ ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ሲደርስ ግን «የለም፥ ከውጭ ግዛ» ተብሏል። ባለጠጋው ከውጭ ይገዛል (ያውም እያጉረመረመ)፤ መዋጮውን እንኳ ሌላ የከፈለለት ሰው በምን ይግዛ? መድኃኒት ሰጪውን አልወቅስም፤ ከባዶ መደርደሪያ ምን አውርዶ ይስጥ? የምወቅሰው ደብተር የያዘውን ሁሉ እንደ ታከመ የሚቈጥረውን አሠራር ነው። ዕድራችን «ድንኳን የለም፥ ተከራዩ» ቢል ዳኛውን በማግሥቱ እንሽረው ነበር።

ጎረቤቴ ዶሮዎቹን ሸጦ ከታዘዘለት ክኒን ግማሹን ገዛ።