ለባልንጀራ የሚላክ የጆሮ ስንቅ

መልካም መጽሐፍ ያነበበ ሰው ለባልንጀራው ሳይነግር አያድርም፤ መልካም ንባብ ያደመጠም እንዲሁ ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ ያለ ዋጋ የሚደመጠው ትረካ፥ ትምህርትና ፖድካስት የሚባለው የድምፅ ዝግጅት እጅግ በዝቷል። ስለዚህ የጎደለው የሚሰማ ነገር ሳይሆን፥ አመዛዝኖ «ይህን ስማ» የሚል ሰው ነው። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ለወዳጁ አንድ ንባብ ሊልክ የሚወድ ቢኖር፥ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስበው የሚገባው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ያነበቡትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው።

ምክንያቱም ሁለት ነው። ፊተኛው የአገሩ ነገር ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ ታሪኩን የሚጀምረው ከማንኩሳ ነው፤ ማንኩሳም ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ናት። የአካባቢው ገበሬ ፊደል ባይቆጥርም እንኳ፥ የአያቶቹን ኑሮ፥ የጭሰኛውንና የባላባቱን ነገር በገዛ አገሩ ስም ሲጠራ ይሰማዋል።

ሁለተኛው የንባቡ ነገር ነው። ጎጃም በጆሮ መማርን ከማንም አልተበደረም። በዋሸራ ቅኔ ቤት መምህሩ የተቀኘውን ተማሪው በጆሮው ተቀብሎ በቃሉ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ምሥጢሩን ይመረምራል። ደራሲውም በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ናቸውና፥ ረዥሙ ዐረፍተ ነገራቸው ሳይቀር ለጆሮ የተመዘነ ነው። አንባቢው ይህን ሚዛን ጠብቀዋል። የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት በድምፃቸው ሲያሳዩ፥ ሽማግሌውንም ሴቲቱንም እንደየጠባያቸው ሲያናግሩ፥ የተራኪውን ቃል ግን በጨዋታው ውስጥ አያጠፉትም።

ከሁሉም የሚበልጠው ጉዱ ካሳን ያነበቡበት ጥንቃቄ ነው። ካሳ ዳምጤ «ጉዱ» የተባለው የዘመኑን ልማድ ስለ ነቀፈ ነው እንጂ አእምሮው ስለ ጎደለ አይደለም። አንባቢው ለሣቅ ብሎ እንደ እብድ ቢያስጮኸው ኖሮ፥ የመጽሐፉ እውነት ሁሉ ከእርሱ ጋር በፈረሰ ነበር። ካህን ሆኖ የሚያደምጥም ሰው እዚህ ላይ ጆሮውን መንሣት አይገባውም። ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት የበዛብህ ታሪክ የሚያነሣው ጥያቄ፥ ማለት ወላጅ በልጁ ሕይወት ላይ ስእለት ሊሳል ይችላልን የሚለው፥ ከማንም ይልቅ ለካህኑ የቀረበ ነውና።

ዳሩ ግን ንባቡ አደጋም አለው። ድምፁ እጅግ ስለሚጥም፥ የሰማ ሁሉ መጽሐፉን ያወቀ ይመስለዋል። ጉዱ ካሳም በአንድ ሰው ድምፅ ታትሞ ስለሚቀር፥ ከዚያ በኋላ መጽሐፉን የሚከፍት ሰው የራሱን ጉዱ ካሳ ለማግኘት ይቸገራል። ደግሞም የሚያነብ ሰው የከበደውን ዐረፍተ ነገር ቆም ብሎ ይመላለስበታል፤ የሚያደምጠው ግን ድምፁ ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ንባቡ የመጽሐፉ ደጅ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም።

እንግዲህ የሚልከው ሰው እንዴት ይላክ? አንደኛ፥ ከመካከል ቆርጦ የሚያስለቅሰውን ክፍል ብቻ አይላክ። የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን መጨረሻ ብቻ የሰማ ሰው ኀዘኑን እንጂ ያን ኀዘን ያመጣውን ሥርዐት አይሰማም፤ ደራሲው ግን የደከሙት ሥርዐቱን ለማሳየት ነው። ከማንኩሳ ይጀመር። ሁለተኛ፥ የደራሲውንና የአንባቢውን ስም ጨምሮ ይላክ። በ1997 ዓ.ም. በውጭ አገር የተጀመረው ሊብሪቮክስ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር፥ የባለቤትነት ዘመናቸው ያለፈ መጻሕፍትን እያነበበ በነጻ ሲያድል፥ አስቀድሞ የመጽሐፉን ርእስና የደራሲውን ስም ያሰማል። በእኛ ዘንድ ግን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረው ድምፅ ብዙ ጊዜ ስም የለሽ ሆኖ ይደርሳል። ያለ ዋጋ መገኘቱ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም፤ ቅኔ ነጋሪ እንኳ ቅኔው የማን እንደ ሆነ ሳይናገር ቢያልፍ ያፍራል።

ሦስተኛ፥ ላኪው ስለ ምን እንደ ላከው በሁለት ቃል ይናገር። «ጥሩ ነው» ማለት ምርጫ አይደለም። «አባትህ በልጅነቱ ያየውን ዘመን ትሰማበታለህ» ወይም «ስለ ስእለት የተከራከርነውን ነገር ያነሣል» ቢል ግን፥ ተቀባዩ የሚሰማበትን ምክንያት ያገኛል። ደራሲው በ1996 ዓ.ም. አረፉ፤ አንባቢውም ከእርሳቸው አስቀድመው አልፈዋል። የሁለቱ ሥራ ዛሬ ከማንኩሳ ደጅ የሚደርሰው በሰጪው እጅ ነውና፥ ሰጪው እንደ ተቀበለው ሙሉውን ያድርስ።